ከገንዳ ወደ ሐይቅ፦ በረጅም ርቀት ዋና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖር ሰው የረጅም ርቀት ዋና ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በሆቴል ገንዳ ሲሆን፣ የሚፈተነው ግን ከከተማዋ በደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው በሚገኙት የቢሾፍቱ ሐይቆች ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በመሆኑ፣ ቅዳሜ ማለዳ በፈጣን መንገዱ ከእነዚህ ሐይቆች አንዱ ወደሆነው ባቦጋያ መውረድ መሀል ከተማ ገብቶ ገንዳ ከመፈለግ ይቀለኛል። በእነዚህ ጉዞዎች ያየኋቸው ስህተቶች፣ የራሴዎቹን ጨምሮ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ሐይቅን ሰፋ ያለ ገንዳ አድርጎ ከመቁጠር የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የሒሳብ ነው። በ25 ሜትር ገንዳ 3 ኪሎ ሜትር የዋኘ ሰው ገንዳውን 120 ጊዜ አቋርጧል ማለት ነው። በእያንዳንዱ መመለሻ ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ አምስት ሜትር ያህል እጁን ሳያንቀሳቅስ ቢንሸራተት፣ 600 ሜትር የሚጠጋውን የሸፈነለት ክንዱ ሳይሆን ግድግዳው ነው። ሐይቅ ላይ የሚገፋ ግድግዳም ሆነ ትንፋሽ የሚሰበስቡበት ጠርዝ የለም። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ሲለማመዱ ግድግዳው ጋ ከመድረስ በፊት ሳይነኩት መመለስን መልመድ፣ ልምምዱንም በርቀት ሳይሆን በጊዜ መለካት ይሻላል። ለ40 ደቂቃ ምንም ሳይነካና ሳይቆም በተረጋጋ ፍጥነት መዋኘት ያልቻለ ሰው፣ ገንዳ ውስጥ ስንት ኪሎ ሜትር ቢቆጥርም፣ ሐይቅ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ለማቋረጥ አልደረሰም።

ሁለተኛው ስህተት አቅጣጫን የሚመለከት ነው። ገንዳ ውስጥ ወለሉ ላይ የተሳለው ጥቁር መስመር ይመራል፤ ሐይቅ ውስጥ ግን ከክንድ ርቀት በታች የሚታየው አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ ነው። መፍትሔው በየስምንትና በየአሥር የእጅ ምቱ ዓይንን ብቻ ከውኃው በላይ ብቅ አድርጎ ምልክት ማየት፣ ከዚያም ፊትን ወደ ጎን አዙሮ መተንፈስ ነው። ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ የሚያነሣ ዋናተኛ እግሩ ይሰምጥበታል፣ አንገቱም ሳይቆይ ይዝላል። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ በመሆናቸው ዙሪያቸው ገደል ነው፤ ይህም ለምልክት ይመቻል፤ ይሁን እንጂ ምልክቱ ውኃው ዳር ያለ ቁጥቋጦ ሳይሆን ከገደሉ አናት በላይ ከሰማዩ ጋር ተለይቶ የሚታይ ዛፍ ወይም ሕንፃ መሆን አለበት። በማለዳ ወደ ምሥራቅ የሚዋኝ ሰው ፀሐይ ዓይኑን ስለምታጠፋው፣ መሄጃውን ወደ ምዕራብ፣ መመለሻውን ፀሐይዋ ከፍ ስትል ማድረግ ይኖርበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ባቦጋያን ሳቋርጥ እንደ ቀስት ቀጥ ብዬ የሄድኩ መስሎኝ ነበር፤ በጀልባ የተከተሉኝ አዛውንት ግን፣ «ልጄ፣ እንደ እባብ ነው የሄድከው» አሉኝ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን የሚፈጸመው ገና ውኃ ሳይገባ ነው፤ እርሱም ያገኙትን ውኃ ሁሉ ለዋና የተሰጠ ነው ብሎ ማመን ነው። ከተማዋ ዙሪያ ውኃ አይጠፋም። ገፈርሳና ለገዳዲ ግን ለነዋሪው የመጠጥ ውኃ የሚያቀርቡ ግድቦች ስለሆኑ ገላን መታጠቢያም መዋኛም አይደሉም። በደቡብ በኩል ያለው አባ ሳሙኤል ሰፊና ጸጥ ያለ ቢመስልም፣ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክመው የሚወርዱት የአቃቂ ወንዞች ማረፊያ ነው። በይበልጥ የሚያስፈራኝ ደግሞ በየዳርቻው ድንጋይ ወጥቶባቸው የተተዉት የካባ ጉድጓዶች ናቸው። ክረምት ሲገባ ዝናብ ይሞላቸውና የሰፈር ልጆች መዋኛ ይሆናሉ። ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ስለሆነ መውጫ የላቸውም፤ ውኃው ድፍርስ በመሆኑም ከሥር ያለው የተፈነቀለ ድንጋይ አይታይም። ዋና የሚችል ሰው እዚያ ሲገባ ያየ ልጅ ተከትሎት እንደሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ቢሆን መተው ይገባል።

ወደ ተፈቀደ ሐይቅ የሄደ ሰውም ስለ ውኃው መጠየቅ አለበት። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት በአብዛኛው ሣርና ቄጠማ ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ ነው፤ ተውሳኩም በቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በአካባቢው ጤና ጣቢያ መጠየቅ፣ ዳር ዳሩን ከመንቦጫረቅ ይልቅ ከመድረክ ላይ በቀጥታ ወደ ጥልቁ መግባት፣ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ቢከተል ሐይቅ ውስጥ መግባትን ለሐኪም መናገር ተገቢ ነው። በቢሾፍቱ ሌላም ነገር አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ሌሊቶች የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ሲወርድ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ይቀላቀላል፤ በአንዳንድ ዓመትም ዓሣ በብዛት ሞቶ ይንሳፈፋል። ሐይቁ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ የዚያን ቀን ልምምድ ማስተላለፍ ነው።

አራተኛው ስህተት ብቻን መዋኘት ነው፤ አጃቢ ያላቸው የሚመስላቸው ሰዎችም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር ገደማ እንደሚደርስ ተለክቷል። በእነዚህ ሐይቆች ወለሉ ከዳር ጥቂት እንደተራመዱ ስለሚከዳ፣ «ሲደክመኝ እቆማለሁ» የሚባልበት ስፍራ የለም። ዳር ቆሞ ልብስ የሚጠብቅ ጓደኛ አጃቢ አይደለም፤ 300 ሜትር ርቆ ያለን ሰው ከማየት በቀር ምንም ሊያደርግለት አይችልምና። አጃቢ ማለት በጀልባ ከጎን የሚሄድ፣ ራሱም ዋና የሚችል፣ የሕይወት ጃኬት የለበሰና የሚወረወር ገመድ የያዘ ሰው ነው። ጀልባ ከሚቀዝፉት ሰዎች ጋር ዋጋ ከመነጋገር በፊት፣ «ጋሼ፣ ዋና ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍር ይሆናል፤ ቢሆንም መጠየቅ አለበት። አንድ እጅ ቀጥ ብሎ ሲነሣ «እርዱኝ» ማለት መሆኑን፣ ጀልባው ከዋናተኛው መተንፈሻ ጎን እንጂ ከኋላ መሄድ እንደሌለበት አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ከወገብ በገመድ የሚታሰረው ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ከረጢት ዋናተኛውን ከሩቅ ያሳያል፣ ለአፍታም ያሳርፈዋል፤ የጀልባውን ሥራ ግን አይተካም።

ስለ ትንፋሽ የሚነገረው ብዙው ነገር ትክክል አይደለም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሳምባው ጠንካራ ስለሆነ አየር ይበቃዋል ይባላል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፤ ለምዶትም ቢሆን በፍጥነት የጀመረ ዋናተኛ ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ያለከልካል። የሚያለከልክ ሰው ደግሞ ፊቱ ውኃ ውስጥ ሳለ ማስወጣት የነበረበትን አየር ይዞ ይቆይና፣ ቀና ሲል ለማስወጣትም ለማስገባትም ጊዜ ያጥረዋል። ፊት ውኃ ውስጥ እያለ ያለማቋረጥ አረፋ ማስወጣት፣ በየሁለት ምቱ መተንፈስ፣ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ሆን ብሎ ማዝገም ያስፈልጋል። አንዳንዶች አቅም ለማጎልበት ብለው በተደጋጋሚ በጥልቅ ከተነፈሱ በኋላ ትንፋሻቸውን ይዘው ከውኃ ሥር ይዋኛሉ። ይህ መቅረት ያለበት ነገር ነው። ፈጣን ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለሚቀንስ፣ «ተንፍስ» የሚለው ስሜት ከመምጣቱ በፊት አንጎል ኦክስጅን ያልቅበትና ሰውየው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ራሱን ይስታል፤ በአንድ ሜትር ተኩል ገንዳ ውስጥም ይገድላል።

ቅዝቃዜን በመጀመሪያው ስሜት መመዘንም ሌላው ስህተት ነው። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ከሰውነት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሲገቡበት ደስ የሚል የ22 ዲግሪ ውኃ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀጭን ሰውን ያንቀጠቅጣል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ የበረደው ሰው መብረዱን ከሁሉ በኋላ የሚያውቀው ራሱ ነውና። አጃቢው በየ15 ደቂቃው የእጅ ምት ይቁጠር፤ በደቂቃ 60 የነበረው ወደ 50 ከወረደ፣ ጣቶች አልገጥም ካሉ፣ ለቀላል ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከተንተባተበ፣ ዋናው አብቅቷል። ከወጡ በኋላም የሰውነት ሙቀት ለተወሰኑ ደቂቃዎች መውረዱን ስለሚቀጥል፣ ሙቅ ሻወር ሥር ከመቆም በፊት ደረቅ ልብስ ደራርቦ መልበስ፣ ጋቢ ተከናንቦ መቀመጥና ሞቅ ያለ ሻይ መጠጣት ይቀድማል። ወደ ውጭ አገር ውድድር የሚያስብ ሰው ደግሞ የቢሾፍቱ ውኃ ለዚያ እንደማያዘጋጀው ይወቅ። 33 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የባሕር ወሽመጥ፣ ማቲው ዌብ በ1875 በ21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አቋርጦታል፤ ዛሬ ያንን ለመሞከር የሚመዘገብ ሰው 16 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ ስድስት ሰዓት መዋኘቱን እንዲያሳይ ይጠየቃል።

ምግብን በተመለከተ፣ ከአንድ ሰዓት ለሚያልፍ ዋና በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል፤ ሁለት መካከለኛ ሙዝ 50 ግራም ገደማ ይሰጣል። በየግማሽ ሰዓቱ ሳይርብ መውሰድ እንጂ እስኪርብ መጠበቅ አያዋጣም። ለብ ያለ ብርዝ ከጀልባ በገመድ በታሰረ ጠርሙስ ሲወረወር በሃያ ሰከንድ ይጠጣል፤ በሶን ግን ከዋና በፊት እንጂ መሀል ላይ አልመክርም፣ ጉሮሮ ላይ ይቆያል። በጾም ቀን እህል ሳይቀምሱ ረጅም ልምምድ ማድረግ በተደጋጋሚ የማየው ስህተት ነው። መፍትሔው ጾሙን መተው ሳይሆን ቀን መምረጥ ነው፤ በዓቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ስለማይከለከል ረጅሙ ልምምድ ለእነዚህ ቀናት ይቀመጥ፤ ረቡዕና ዓርብ ቀለል ያለ የአሠራር ልምምድ ይበቃቸዋል። በረመዳን የሚጾምም እንዲሁ ረጅሙን ዋና ከወሩ በኋላ ቢያደርገው ይመረጣል።

ስለ ትከሻ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ርቀትን በሳምንት ከአሥር በመቶ ብዙ ሳያሳልፉ መጨመር፣ ትከሻ ሲወጋ ማቆም ነው። አዲስ መነጽርም ሆነ አዲስ የዋና ልብስ በረጅሙ ዋና ዕለት አይሞከርም።

የመጨረሻው ስህተት መመለሻን ዳር ላይ ሆኖ አለመወሰን ነው። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው «ትንሽ ነው የቀረኝ» ይላል። የባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ ሦስተኛውን ዙር ስጀምር ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ነፋሱ ከገደሉ አናት ወርዶ ውኃውን አነሣው። ዳሩ 200 ሜትር ያህል ሲቀረኝ በጀልባ የሚያጅቡኝ ሽማግሌ መቅዘፊያቸውን ከፊቴ ዘርግተው፣ «ግባ» አሉኝ። ልከራከር አሰብኩ፤ ነገር ግን ማለዳ ላይ «ግባ ካሉኝ እገባለሁ» ብዬ ቃል ሰጥቼ ነበርና ገባሁ። በቀጣዩ ቅዳሜ ከቱሉ ዲምቱ የተነሣሁት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።