አብሪ መለያውን በየትኛው ጫፍ ላይ እናያይዝ?

አንድ ፕሮቲን በሰው ሕዋስ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ለማየት የተለመደው መንገድ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን እንደ መለያ አያይዞ በማይክሮስኮፕ መመልከት ነው። ብዙው ስህተት ግን ማይክሮስኮፑ ጋ ሳይደረስ ይጀምራል። የፕሮቲኑ አድራሻ፣ ማለትም ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው የአሚኖ አሲዶች ምልክት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጫፎቹ ላይ ነው፤ መለያው አድራሻውን ከሸፈነው ፕሮቲኑ መንገዱን ይስታል።

ስለዚህ ፕላዝሚዱን (የፕሮቲኑንና የመለያውን ጂን ወደ ሕዋሱ የሚያስገባውን ክብ ዲኤንኤ) ከማዘጋጀታችሁ በፊት የአሚኖ አሲዱን ቅደም ተከተል ከሁለቱም ጫፍ አንብቡ። መነሻው ላይ ከ15 እስከ 30 የሚደርሱ፣ መሐላቸው ውሃ የሚሸሽ አሚኖ አሲዶች ካሉ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ከሕዋሱ የሚወጡ ፕሮቲኖች ጭምር ወደሚሠሩበት የሽፋን መረብ) የሚያስገባ ምልክት ሊሆን ይችላል። እዚያው ላይ አርጂኒን በዝቶ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አሚኖ አሲዶች ከጠፉ ወደ ማይቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ኃይል አመንጪ) የሚወስድ አድራሻ ጠርጥሩ። በሁለቱም ሁኔታ መነሻውን አትንኩ። መጨረሻው ላይ ሴሪን፣ ላይሲን፣ ሉሲን ተከታትለው ከመጡ የፐሮክሲዞም (የስብ አሲዶችን የሚሰባብር ትንሽ የሕዋስ ክፍል) አድራሻ ነውና መለያው መነሻው ላይ ይግባ።

ላይሲን፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ሉሲን ብሎ የሚያልቅ ፕሮቲን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ምልክት ፕሮቲኑን ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ውስጥ አስሮ አያስቀምጥም። አምልጦ ጎልጂ (ቀጣዩ የፕሮቲን ማከፋፈያ ክፍል) ሲደርስ ምልክቱን የሚያውቅ ተቀባይ ፕሮቲን በዚያ አሲዳማ አካባቢ ይይዘዋል፣ በከረጢት ጭኖ ይመልሰዋል፣ አሲዱ ሲቀንስ እዚያው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ውስጥ ይለቀዋል። ተቀባዩ የሚያውቀው የሰንሰለቱን የመጨረሻ ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ ከኋላው መለያ ከቀጠላችሁበት ፕሮቲኑ ከሕዋሱ ወጥቶ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለው ፕሮቲን መነሻው ላይ የማስገቢያው ምልክት፣ መጨረሻው ላይ ይህ ስላለ ሁለቱም ጫፉ የተያዘ ነው፤ መለያውን ከአራቱ አሚኖ አሲዶች በፊት አስገቡና እነሱን መጨረሻ ላይ ተዉአቸው።

የኒውክሊየስ አድራሻ የትም ቦታ ሊገኝ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው ሌላ ነገር ነው፦ አረንጓዴው መለያ 27 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ብቻ ስለሆነ በኒውክሊየስ ቀዳዳዎች ራሱ ሰርጎ ይገባል። ከመለያው ጋር ተደምሮ ከ40 ኪሎዳልተን ብዙም የማይበልጥ ፕሮቲን ኒውክሊየስ ውስጥ ቢታይ ምልክት አለው ማለት አይደለም፤ ሁለት ወይም ሦስት መለያ ደራርባችሁ ድገሙት። ለላይሶዞም (አሲዳማው የሕዋሱ መፍጫ ክፍል) ደግሞ አረንጓዴውን ተዉት፤ አሲዱ ብርሃኑን ያደበዝዘዋል። ኤምቼሪ የተባለው ቀይ አብሪ ፕሮቲን ይሻላል።

ፕላዝሚዱን ካስገባችሁ ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ሕዋሱን በ4% ፓራፎርማልዴሃይድ ለ15 ደቂቃ አጽኑት፣ ማለትም ፕሮቲኖቹ ባሉበት እንዲቀሩ አድርጉ፤ ሕዋሱ እንዳይደርቅ ፈሳሹን ቶሎ ተኩ። ሦስት ጊዜ አጥባችሁ በ0.1% ትራይተን (ሽፋን የሚያሟሟ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ለ10 ደቂቃ ሽፋኑን ክፈቱና የእያንዳንዱን ክፍል አመልካች ፕሮቲን የሚይዝ፣ በቀይ የሚታይ ፀረ እንግዳ አካል ጨምሩ፦ ካልኔክሲን ለኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ቶም20 ለማይቶኮንድሪያ፣ ፔክስ14 ለፐሮክሲዞም፣ ላምፕ1 ለላይሶዞም።

በጣም የሚያበሩት ሕዋሳት ዓይን ይስባሉ፤ እነሱን ሳይሆን ደብዘዝ ያሉትን ፎቶ አንሡ። ፕሮቲኑ ከልክ በላይ ሲመረት መላሽ ተቀባዮቹ ሁሉ ይያዙና ትርፉ ይፈስሳል። አንድ ቀለም ብቻ የተቀባ ናሙናም አይቅር፤ አለበለዚያ የአረንጓዴው ብርሃን ወደ ቀዩ መስኮት ሲያልፍ ሁለቱ አብረው ያሉ ይመስላል። የተለመደው ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች ያለውን ርቀት ስለማይለይ፣ አረንጓዴውና ቀዩ ሲደራረቡ የሚታየው ቢጫ ነጥብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ውጤቱን ከመቀበላችሁ በፊት መለያ ያልተያያዘበትን የሕዋሱን የራሱን ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል ቀብታችሁ ሥፍራው አንድ መሆኑን አረጋግጡ።