ኮምፕሬሰር ሲተከል የሚሠሩ ስህተቶች

ጎሚስታ ቤት ወይም ጋራዥ የሚውል ሰው ያውቀዋል። አየር አምቆ ታንከር ውስጥ የሚሞላው ኮምፕሬሰር ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ቁልፍ ሁሉ ይንኳኳል። ሳይታሰር ከተቀመጠ ደግሞ ቀስ እያለ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ገመዱን እስኪወጥር ድረስ የተጓዘ አይቻለሁ። ታዲያ ብዙዎቻችን ጥርቅም አድርገን እናስረዋለን። ጥፋቱ የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው።

ከሁሉ የከፋው ብየዳ ነው። የታንከሩን እግር ከብረት ፍሬም ጋር በይደው "አሁን የትም አይሄድም" የሚሉ አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ታንከሩ 8 ባር ሲሞላ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ 8 ኪሎ ገደማ ግፊት አለ። የብየዳ ሙቀት የታንከሩን ብረት ያዳክመዋል። የተዳከመ ታንከር ከፈነዳ አጠገቡ ያለውን ሰው ይገድላል።

ብሎን መጠቀም ትክክል ነው፤ ስህተቱ አለቅጥ ማጥበቁ ነው። እግሩ ከኮንክሪቱ ጋር ሲጣበቅ ንዝረቱ መሄጃ ያጣል። ስለዚህ እግሩ ከታንከሩ ጋር የተበየደበትን ቦታ ይበላዋል። ከጊዜ በኋላ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። በእያንዳንዱ እግር ሥር ጎማ አድርጉ። ብሎኑን በብረት ፊሸር ወለሉ ላይ ትከሉ፣ ከእግሩ በላይ ሮንዴላ ጨምሩ። ዳዶውን ሮንዴላውን እስኪነካ ብቻ አዙሩት። ከዚያ ሁለተኛ ዳዶ በላዩ አስገብታችሁ ሁለቱን እርስ በርስ አጥብቁ። ብሎኑ መሄዱን ይከለክለዋል፣ መንቀጥቀጡን ጎማው ይችለዋል።

ወለሉ ያልተስተካከለ ከሆነስ? አንዱ እግር ተንጠልጥሎ ሲቀር በብሎን ጎትቶ ማውረድ የተለመደ ነው። ይህም ታንከሩን ያጣምመዋል። ከማሰራችሁ በፊት በእጅ ወዝውዙት። ከተነቃነቀ ከተንጠልጣዩ እግር ሥር ቀጭን ላሜራ አስገቡ። በውሃ ልክም እዩት። ፓምፑ በዘይት የሚቀባ ኮምፕሬሰር ካዘነበለ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ ፓምፑ በደንብ አይቀባም።

የጎማው ምርጫም ያሳስታል። ስፖንጅ የመሰለ ለስላሳ ነገር ቁመተ ረጅሙን ኮምፕሬሰር ያወዛውዘዋል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎበጠ ነው፣ ውስጡም ሽቦ አለው። ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ጎማ ፈልጉ። ዘይት ሲነካው እየላሸ ስለሚሄድ አልፎ አልፎ ተመልከቱት።

ሲገዛ የመጣበት የእንጨት ማስቀመጫ ላይ ትቶ ማስነሳትም ትክክል አይደለም። እንጨቱ ለጉዞ ነው፤ አውጡት። ግድግዳ ላይም አታስጠጉት። ወደ 40 ሴንቲሜትር ክፍተት ካላገኘ ይግላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አየሩን የሚያወጣው የብረት ቧንቧ በቀጥታ ከታንከሩ ጋር ከተገጠመ ድካሙ ከንቱ ነው። ንዝረቱ በቧንቧው አድርጎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ መጋጠሚያዎቹም አየር ማፍሰስ ይጀምራሉ። በመካከል ግፊቱን የሚችል ተጣጣፊ ሆዝ ግጠሙ።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ከአተካከሉ አይደለም። ጸጥ ብሎ ይሠራ የነበረው በድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቺንጋውን፣ የፑሊውን አሰላለፍና የሞተሩን ብሎኖች ፈትሹ። ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ አየሩንም አስወጡ። ማብሪያው እንደበራ ከተተወ፣ ግፊቱ ሲወርድ ሞተሩ እጃችሁ ቺንጋው ላይ እያለ በራሱ ይነሳል።