የሜልቦርን ክረምት፣ የጋዝ ማሞቂያውና ሪሞቱ

ሜልቦርን ላይ ክረምት የሚገባው እንደ አገር ቤት ሰኔ ላይ ነው፤ የሚወጣውም ነሐሴ ሲያልቅ። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት 14 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌሊት ወደ 6 ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ቁጥሩ የአዲስ አበባን የኅዳር ሌሊት ለሚያውቅ ሰው አያስደነግጥም። የሚለየው ቀኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ ረፋዱን ፀሐይ ወጥታ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ታስረሳለች፤ እዚህ ግን ሰማዩ ደፍኖት ይውልና ገና ከቀኑ 11 ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይዋ ትጠልቃለች። በፉትስክሬይና በአካባቢው ብዙዎቻችን የምንከራያቸው አሮጌ የእንጨት ቤቶች ደግሞ ብርዱን በወለሉም በመስኮቱም ያስገባሉ። ጋቢ ደርቦ መቀመጥ ለሁለት ሳምንት ያስኬዳል፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ማሞቂያ መልመድ ግድ ነው።

ሜልቦርን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የፕላን ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው አዳዲስ ቤቶች የጋዝ መስመር አይገባላቸውም። ስለዚህ የጋዝ ማሞቂያ የሚያጋጥምዎት በአብዛኛው ቆየት ባለ ቤት ውስጥ ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ ወይም ሥር የተቀመጠ ሣጥን መሰል ማሞቂያ ሊሆን ይችላል። ወለሉ ወይም ጣሪያው ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ለሁሉም ክፍል ሞቃት አየር የሚልክ ዓይነትም አለ፤ የዚህኛው መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰካ ነው። ሦስተኛው እንጨት የሚነድ አስመስሎ ከመስታወት ጀርባ የሚነድ ምድጃ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ረጅም ነጭ ማሽን በጋዝ የሚሠራ አይደለም፤ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ነው። ሁለቱ ባሉበት ቤት ሁለት ሪሞት ይኖራል፤ የበረዶ ቅንጣት ሥዕል ያለበት የዚያኛው ነው።

ከሪሞቱ በፊት የግድግዳውን ሶኬት ይመልከቱ። እዚህ አገር እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ አለው። የጋዝ ማሞቂያም ቢሆን ለእሳት መለኮሻውና ለማራገቢያው ኤሌክትሪክ ይፈልጋልና ሶኬቱ ካልበራ ሪሞቱን ቢጫኑት ምንም አይሰማም። «ማሞቂያው ተበላሽቷል» ተብሎ ለኤጀንት (ቤቱን በአከራዩ ስም ለሚያስተዳድረው ወኪል) ከሚደወልባቸው ምክንያቶች መካከል ይህች ትንሽ ማብሪያ አንዷ ናት።

ሲያበሩት ወዲያው ሙቀት አይጠብቁ። መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ እሳቱ ይያያዛል። ማራገቢያው የሚነሣው ውስጡ ሲሞቅ ነው፤ ይህም አንድ ሁለት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሲያጠፉትም እንዲሁ፦ እሳቱ ይጠፋል፣ ማራገቢያው ግን ውስጡን ለማቀዝቀዝ ጥቂት ደቂቃ መንፈሱን ይቀጥላል። «አልጠፋም» ብለው ሶኬቱን አይንቀሉ፤ ሳይቀዘቅዝ በተደጋጋሚ ኤሌክትሪኩ የሚቋረጥበት ማሞቂያ ዕድሜው ያጥራል። ስክሪኑ ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ ብልጭ ድርግም ካለ የብልሽት ምልክት ነው። በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፣ አንድ ጊዜ አጥፍተው ያብሩት፣ ከተደገመ ይተዉትና ለኤጀንቱ ፎቶውን ይላኩ። ደጋግሞ መሞከር ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ፣ ማለትም ማሞቂያው በራሱ የሚነሣበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት ሪሞቱ ላይ ወደ መሙላቱ። የእኛ ሰው የሚሳሳተው ቁልፎቹ ላይ አይደለም፣ ሰዓቱ ላይ ነው። ሪሞቱ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ደግሞ ከንጋት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቤቱ ሞቆ እንዲጠብቀው የፈለገ ሰው 01:00 ብሎ ቢሞላ፣ ማሞቂያው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይነሣና ሁሉም ተኝቶ ሳለ ጋዝ ይበላል። ጠዋት ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ቢሉ ሲመጣ ግን ሙቅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለጠዋትና ለቀን ሰዓት 6 ይደምሩ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ግን ያው 06:00 ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል 08:30 ይሆናል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት 16:00። ለምሽት 18 ይደምሩ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግን ያው 18:00 ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት 22:00 ነው። ሪሞትዎ በ24 ሰዓት ፈንታ ኤኤምና ፒኤም የሚያሳይ ከሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት 10:00 ፒኤም ይባላል፤ ኤኤም ላይ ከተዉት ማሞቂያው የሚጠፋው በማግስቱ ረፋድ ነው።

የፕሮግራም ሰዓቶቹን ከመሙላትዎ በፊት የሪሞቱ የራሱ ሰዓት ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ባትሪ ድንጋይ ሲቀየር በብዙዎቹ ሞዴሎች ሰዓቱ ይጠፋና ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቅዎታል። ሰዓቱ ካልተሞላ ፕሮግራሙ ወይ ጭራሽ አይሠራም ወይ በተሳሳተ ሰዓት ይሠራል። ቪክቶሪያ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀየራል፤ በኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ስልክዎ ራሱን ያስተካክላል፤ ሪሞቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእርስዎን እጅ ይጠብቃል። የኤፕሪሉን ከረሱት ብርዱ ሲጀምር ማሞቂያው በየቀኑ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይነሣል።

አሠራሩ በየሞዴሉ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው። በእጅ የሚሠራው ሁኔታ እርስዎ እስኪያጠፉት ድረስ የመረጡትን ዲግሪ ይጠብቃል። ታይመር የሚባለው የሚነሣበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት ብቻ ይቀበላል። ሙሉው ፕሮግራም ቀኑን በአራት ይከፍላል፦ ሲነሡ፣ ከቤት ሲወጡ፣ ሲመለሱ፣ ሲተኙ። ለእያንዳንዱ ሰዓትና ዲግሪ ይሞላሉ፤ ብዙ ሪሞቶች ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ፣ ለቅዳሜና እሑድ ሌላ ፕሮግራም ይይዛሉ። የፋብሪካው ፕሮግራም ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰውን አስቦ የተሠራ ነው። እሑድ ገና ሳይነጋ ለቅዳሴ የሚወጣ ቤተሰብ የእሑዱን ጠዋት ማጥፋት አለበት። በአረጋውያን መጦሪያ ወይም በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሙሉውን ፕሮግራም ትቶ ታይመሩን ብቻ ቢጠቀም ይሻለዋል። ፈረቃ በየሳምንቱ በሚቀያየርበት ቤት ያ ሁሉ ቁልፍ መነካካት ድካም ነው።

ዲግሪውን ስንት ላይ እናድርገው? ለሳሎን ከ18 እስከ 20 በቂ ነው፤ ክፍለ ግዛቱ ለነዋሪዎች የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨምሩት እያንዳንዱ ዲግሪ የኃይል ፍጆታውን ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ 28 ላይ ማድረስ የተለመደ ነው፣ ነገር ግን በ20ና በ28 መካከል ያለው ልዩነት የት ላይ እንደሚቆም ነው፤ በ28 ቶሎ አይደርስም፣ ዘግይቶ ይቆማል እንጂ።

አንዳንድ ሪሞቶች፣ በተለይ የመስታወት ምድጃዎቹ፣ የክፍሉን ሙቀት የሚለኩት በራሳቸው ነው። የሚለካው ሪሞቱ ያለበት ቦታ ሙቀት ነው ማለት ነው። ሶፋ ትራስ ሥር ከወደቀ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ ከተቀመጠ ወይም ጀበናው አጠገብ ከተረሳ ክፍሉ የሞቀ ይመስለውና እሳቱን ያጠፋል። በር ሥር ብርድ የሚመታው ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ደግሞ አያቆምም። ከሚቀመጡበት አጠገብ፣ ደረት ከፍታ ላይ፣ ሕፃን የማይደርስበት መደርደሪያ ይፈልጉለት። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ማሞቂያው በራሱ የሚጠፋባቸውም አሉ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ይቀይሩ። የሕፃናት መቆለፊያ ቁልፍ ካለው ያብሩት።

ሪሞት ክፉ ጎንም አለው፤ እሳት እያነደዱ መሆኑን ያስረሳል። ከሰል ከተያያዘ ማንም ሰው በር ዘግቶ እንደማይተኛ ከልጅነታችን እናውቃለን፤ በየክረምቱ የከሰል ጭስ የገደለው ቤተሰብ ወሬ የሰማ ሁሉ ያውቃል። ያ የሚገድለው ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በአግባቡ ያልተያዘ የጋዝ ማሞቂያም ይህንኑ ያወጣል። ደህና ማሞቂያ የቃጠሎውን አየር በጭስ መውጫው በኩል ወደ ውጭ ይልካል። ነገር ግን በአሮጌዎቹ፣ ለቃጠሎ የሚሆናቸውን አየር ከክፍሉ ውስጥ በሚስቡት ላይ፣ አንድ አደጋ አለ፤ ይህም የእኛን ወጥ ቤት በቀጥታ ይመለከታል።

ሽንኩርት ለሁለት ሰዓት ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲጨመር፣ ሽታው ልብስ ላይ እንዳይቀር የምድጃው አየር ማስወጫ በሙሉ ኃይል ይበራል፤ በሩና መስኮቱ ለብርዱ ሲባል ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ማስወጫው ከቤቱ ያወጣውን አየር የሚተካ ሌላ አየር መግቢያ ሲያጣ፣ በማሞቂያው የጭስ መውጫ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ወደ ውጭ መሄድ የነበረበት የተቃጠለ አየር ሳሎን ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ማሞቂያውና አየር ማስወጫው አብረው በሚሠሩበት ጊዜ አንድ መስኮት ገርበብ ይበል። የተሻለው ደግሞ ወጥ ሲሠራ ማሞቂያውን ማጥፋት ነው፤ ምድጃው ራሱ ቤቱን ያሞቀዋል። የመታጠቢያ ቤቱ ማስወጫም ያው ነው። በአሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ያለው ባለቀዳዳ ሳጥን ብርድ ያስገባል ተብሎ በጨርቅ ሲወተፍ ይታያል፤ ለአየር ተብሎ የተሠራ ነውና ይተዉት። ለቡናው የሚሆን ከሰልም ውጭ ካልሆነ ቤት ውስጥ አይያያዝ።

ነበልባሉ በሚታይ ማሞቂያ ላይ ቀለሙ ይናገራል። ሰማያዊና የማይወላውል ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ሆኖ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ዙሪያውንም ጥቀርሻ ከያዘ፣ ይጥፋ። እንጨት የሚያስመስሉት ምድጃዎች ግን ቢጫ ሆነው እንዲነዱ የተሠሩ ናቸው፤ በእነሱ ላይ የሚያሳስበው ጥቀርሻው ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማው፣ ወደ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው፣ ጉንፋን ነው ብለው አይተኙ። ማሞቂያውን አጥፍተው፣ በር ከፍተው ይውጡና 000 ይደውሉ፤ መጀመሪያ አምቡላንስ ወይም እሳት አደጋ ይበሉ፣ ከዚያ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለይም፤ ለዚህ የተሠራው ሌላ ነው፣ በሃርድዌር መደብሮች ይሸጣል። የጋዝ ሽታ ከሸተተዎት ደግሞ መብራት አያብሩም አያጥፉም፤ ወጥተው ከውጭ ይደውሉ። የድንገተኛ ብልሽት ስልኩ ጋዝ ቢሉ ላይ ታትሟል።

ተከራይ ከሆኑ ይህ ሁሉ በእርስዎ ጫንቃ ላይ ብቻ አይደለም። ከማርች 29 ቀን 2021 ወዲህ በተፈረሙ ውሎች አከራዩ የጋዝ መሣሪያዎቹን ፈቃድ ባለው ባለሙያ በየሁለት ዓመቱ ማስመርመር ግዴታው ነው፤ የመጨረሻው ምርመራ መቼ እንደተደረገ በጽሑፍ ጠይቀው ወረቀቱን ማግኘት ይችላሉ። የጋዝ መፍሰስም ሆነ የማሞቂያ መበላሸት አስቸኳይ ጥገና ነው። አከራዩ ወይም ኤጀንቱ ቶሎ ካልመለሰ ተከራዩ እስከ 2,500 ዶላር ድረስ አሠርቶ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው፤ ደረሰኙንና የላኩትን መልእክት ሁሉ ያስቀምጡ። ኤጀንት ያስቀይማል ብሎ በብርድ መቀመጥ የእኛ ሰው ልማድ ነው፤ እዚህ ግን ያልጻፈ ሰው እንዳልጠየቀ ይቆጠራል።

ከራስዎ የሚጠበቀው ትንሽ ነው። ከማሞቂያው ጀርባ ወይም ጎን ያለውን የአቧራ ማጥሪያ ክረምቱን ሙሉ በየጥቂት ሳምንቱ ማጽዳት፣ ልብስ፣ መጋረጃና ፍራሽ ከፊቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ማራቅ፣ ነጠላ ለማድረቅ ላዩ ላይ አለማስጣት። ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን መነካካት ፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ የተፈቀደ ነው፤ እጁ የቀና ጎረቤት ቢኖርም እንኳ።

ስለ ክፍያው፦ ጋዝ የሚቆጠረው በሜጋጁል ነው፤ የክረምቱ ቢል ከበጋው በብዙ ይበልጣል። የሄልዝ ኬር ካርድ (መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው) ወይም የጡረታ ካርድ ያለው ሰው ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31 ድረስ በጋዝ ቢሉ ላይ 17.5 በመቶ ቅናሽ ያገኛል። ቅናሹ በራሱ አይመጣም፤ ለጋዝ ኩባንያው ደውለው የካርዱን ቁጥር መስጠት አለብዎት። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ በ131 450 በኩል የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ካርዱ ሲታደስ፣ ቤት ወይም ኩባንያ ሲቀይሩም ቁጥሩን እንደገና ያስመዝግቡ።