የሊትል ታቨርንን በርገር እቤታችሁ ለመሥራት

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዋሽንግተን ታክሲ የነዳ ሰው አረንጓዴ ጣሪያ ያላቸውን የሊትል ታቨርን ትንንሽ ነጫጭ በርገር ቤቶች አይረሳም። «በከረጢት ግዙ» ነበር መፈክራቸው። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2008 ተዘጋ። ስለዚህ ራሳችን እንሥራው።

ስብ ያለው የተፈጨ የበሬ ሥጋ ግዙ፤ ቀዩ ብቻ ከሆነ ይደርቃል። እንቁላል የሚያህል አድቦልቡሉት። ሽንኩርት እንደ ወጥ አድቅቃችሁ ክተፉ። መጥበሻው በደንብ ሲግል ሥጋውን አስቀምጡ፣ ሽንኩርቱን በትኑበትና ደፍጥጡት።

ገልብጡት። አሁን ለስላሳዋን ትንሽ ዳቦ ላዩ ላይ ድፉባት። ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው፤ የሽንኩርቱ እንፋሎት ዳቦዋን ያርሳታል። ዳቦውን የሚጠብስ ሰው፣ ይቅርታ፣ ሌላ ምግብ ነው የሚሠራው።

ሰናፍጭና ፒክል (በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር) ጨምሩ። ሳህን አያስፈልግም፤ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ አፉን ጠቅልሉት። ባለቤቴ ሚጥሚጣ ትነሰንስበታለች። አልከራከራትም።