ጥፋቱ የጄኔሬተሩ አልነበረም

የትንሿ የውሃ ኃይል ማመንጫችን ጉልበት በግማሽ ወረደ። ወንዙ ሙሉ ነው፤ አምፖሉ ግን ጭል ጭል ይላል። ቸኩዬ ጄኔሬተሩን ጠረጠርኩ። ቀኑን ሙሉ ስፈታ ስገጥም ዋልኩ፤ በከንቱ።

የግፊት መለኪያውን ያየሁት በኋላ ነው። ውሃው የሚወርደው ከ60 ሜትር ከፍታ ስለሆነ፣ ቫልቩ ሲዘጋ 6 ባር ገደማ ያሳያል። ውሃው የሚያሽከረክረው ተርባይን ሲሠራ ግፊቱ ትንሽ ዝቅ ማለት ነበረበት። ንቅንቅ አላለም! ላይ፣ መግቢያው ላይ ያለው ወንፊት ቢደፈን ኖሮ ግፊቱም አብሮ ይወርድ ነበር። ግፊት እያለ ውሃው ካነሰ፣ የተደፈነው ታች ነው።

ቫልቩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ፤ በአንዴ ከዘጉት ቧንቧውን ሊያፈነዳው ይችላል። ውሃውን ወደ ተርባይኑ የሚረጨውን ጠባብ አፍ፣ ኖዝሉን፣ ስፈታው እንቁላል የምታህል ድንጋይ ቅጠል ለብሳ ተሰንቅራለች። ወንፊቱ ጥጉ ላይ ተቀዶ ኖሯል። በሽቦ ሰፋሁት፤ ለጊዜው ይዟል።