በቫኩም የሚሠራ የበር ቁልፍ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ተነስቶ ቀዳዳውን ማግኘት

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው መርሰዲስ ደብልዩ 123 በሮቹን በአንድ ጊዜ የሚቆልፈው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በቫኩም (አየር ተስቦ ሲወጣ በሚፈጠር የመሳብ ኃይል) ነው። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ራሱ ሞተሩ፣ ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ለብቻው የተገጠመ ፓምፕ፣ ቫኩሙን ከሚይዘው ማጠራቀሚያ ውስጥ አየር ይስባል። የሾፌሩን በር ሲቆልፉ ወይም ሲከፍቱ እዚያው በር ውስጥ ያለው ማከፋፈያ ቫኩሙን ወደ አንዱ መስመር ይልካል፤ አንዱ መስመር ለመቆለፍ፣ ሌላው ለመክፈት ነው። በየበሩ ያለው አንቀሳቃሽ ውስጥ ቀጭን ላስቲክ (ዲያፍራም) አለ፤ ዘንጉን የሚስበው እሱ ነው።

አብዛኛው ብልሽት ታዲያ አየር ማስገባት ነው። በሮቹን ሁሉ ከመፍታት በፊት ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ያለው በእጅ የሚሠራ የቫኩም ፓምፕ ያዘጋጁ። ያለዚህ መሣሪያ ሥራው ግምት ብቻ ይሆናል።

ሞተሩ ሲሠራ ይቆልፋል፣ ቆሞ ሲያድር ግን አይሠራም

ጤነኛ ማጠራቀሚያ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በሮቹን ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ያስቆልፋል። መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቫልቭ አውጥተው በአፍ ይንፉበት። በሁለቱም በኩል ካሳለፈ ይቀየር። ሲገጥሙት አቅጣጫው እንዳይገለበጥ ከመፍታትዎ በፊት ምልክት ያድርጉበት። ቫልቩ ደህና ከሆነ ማጠራቀሚያውን ለብቻው በፓምፑ ይፈትሹ።

ይቆልፋል፣ አይከፍትም (ወይም በተቃራኒው)

ይህ ምልክት ብዙ ይናገራል። የዲያፍራሙ ላስቲክ ቢቀደድ ቫኩሙ በሁለቱም አቅጣጫ ይጠፋል፤ ስለዚህ አንዱ ብቻ ከከሸፈ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የዚያ መስመር ቱቦ ወይም የላስቲክ መገጣጠሚያ ነው፤ ቀጥሎ አንቀሳቃሹ ላይ ዘንጉ የሚወጣበት ማሸጊያ።

ቱቦዎቹ ወደ በሮቹ የሚከፋፈሉበትን መገጣጠሚያ ይፈልጉ። የሁሉንም ጫፍ ነቅለው በየተራ በፓምፑ ወደ 0.5 ባር ይሳቡ። መርፌው ለአንድ ደቂቃ ከቆመ ያ ቅርንጫፍ ንጹህ ነው፤ ከወረደ ቀዳዳው እዚያ ነው። በዚህ መንገድ የሚፈታው በር አንድ ብቻ ይሆናል። ቱቦው በብዛት የሚሰነጠቀው በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር በሚተጣጠፍበት፣ በማጠፊያው አጠገብ ነው።

አንድ በር ብቻ እምቢ ይላል

የዚያ በር ቱቦ ታጥፎ ተዘግቶ፣ አለዚያም ቁልፉ ራሱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ፓምፑን ከአንቀሳቃሹ ጋር ያገናኙ፦ መርፌው ቆሞ ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ቫኩም አይደለም። ቁልፉን አጽድተው ግራሶ ይቀቡ። ዘይትና ግራሶ ግን ላስቲኩን ያሳብጣሉና ወደ አንቀሳቃሹ አያስጠጓቸው።

የናፍጣው ሞተር በማስነሻ ቁልፉ አይጠፋም

ከበሮቹ ቁልፍ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፣ ግን ይገናኛል፤ ሞተሩን የሚያጠፋውም ያው ቫኩም ነው። ወደ በሮቹ የሚሄደውን ቱቦ ሞተሩ ጋ ነቅለው የተነቀለበትን አፍ ይድፈኑ። አሁን ከጠፋ ቀዳዳው በበሮቹ በኩል ነው። እስኪጠገን ድረስ ኮፈኑን ከፍተው «ስቶፕ» የተጻፈበትን ማንሻ በመጫን ማጥፋት ይቻላል።

ጥገናው

የበሩን ሽፋን ሲያወርዱ ክሊፖቹን ከሥራቸው በሰፊ የፕላስቲክ ማንሻ ይፈልቅቁ፤ ሽፋኑን ራሱን ከጎተቱ ካርቶኑ ይቀደዳል። ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ በጥንቃቄ አንስተው ሲጨርሱ መልሰው ይለጥፉት። ካልተለጠፈ የዝናብ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል።

የተቀደደ ዲያፍራም በሲሊኮን አይጣበቅም፤ ለጥቂት ቀን ይይዝና በመታጠፍ ብዛት ይላቀቃል። አንቀሳቃሹን ሙሉውን ይቀይሩ። የደረቁ የላስቲክ መገጣጠሚያዎችን ደግሞ በር በተፈታ ቁጥር አብረው ይቀይሩ፤ አንዱ ከተሰነጠቀ እኩያዎቹም ብዙ አይቆዩም። ጠንካራው ቱቦ ጫፉ ላይ ብቻ ከተሰነጠቀ 1 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ መልሶ መሰካት ይበቃል። ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት ሁለቱንም መስመር ዳግም በፓምፑ ይፈትሹ።

እንደ ደብልዩ 124 ያሉት ኋላ የመጡት ሞዴሎች ቫኩምና ግፊት በሚሰጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይሠራሉ። ፓምፑ በጥቂት ሰከንድ ካልቆመና ረጅም ጊዜ ካጉረመረመ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ፤ አፈላለጉ ያው ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ከፊውዙ ይጀምሩ።