የአሮጌ ትልቅ ሪቮልቨር ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

የመጀመሪያዬን አሮጌ ሪቮልቨር (ጥይት የሚይዘው ክፍሉ የሚሽከረከር ሽጉጥ) የገዛሁት እዚህ አሜሪካ አንድ የጦር መሣሪያ ባዛር ላይ ነው። ሻጩ «ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ነው፣ ቀለሙ እንኳ አልተነካም» አለኝ። አብረቅራቂነቱ ዓይኔን ያዘው፣ ከፈልኩ። ማታ ቤቴ በማጉያ መነጽር ሳየው የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያቸውን ጎድጉዷል። የፋብሪካው አርማም ግማሹ ተፍቋል። እጀታውን ገልብጬ ቁጥሩን ሳይማ ጨርሶ አፈርኩ። ከፊቱ «ኤስ» የሚል ፊደል አለው። ይህ ፊደል ብቻውን «ከጦርነቱ በፊት» የሚለውን ወሬ ያፈርሰዋል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ሳላይ ተሸወድኩ።

ስለዚህ ያን ቀን ማየት የነበረብኝን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የማወራው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስለሠራቸው ትልልቅ ሪቮልቨሮች ነው፤ ሰብሳቢዎች «ኤን ፍሬም» ይሏቸዋል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ከ1908 ጀምሮ የተሠሩ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ

ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልም አይመኑ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዙሩ፣ ጣትዎን ከቃታው ያርቁ። በግራ በኩል ያለችውን መክፈቻ በአውራ ጣት ወደ ፊት ሲገፉ ጥይት የሚይዘው ሲሊንደር ወደ ግራ ይወጣል። ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ ይዩ። ሲዘጉት እንደ ፊልም ተዋናይ በእጅ ወርውረው አያጋጩት። ሲሊንደሩን የያዘው ክንድ ይጣመማል፣ ባለቤቱም ያኮርፋል።

2. ቁጥሩን ከትክክለኛው ቦታ ያንብቡ

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሲሊንደሩ ሲከፈት፣ ክንዱ ከፍሬሙ (ከሽጉጡ ዋና አካል) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቁጥሮች ይታያሉ። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ መገጣጠሚያ ቁጥሮች ናቸው፣ ለዕድሜ አይረዱም። ትክክለኛው ተከታታይ ቁጥር ያለው እጀታው ሥር፣ ታችኛው ብረት ላይ ነው።

በቀድሞዎቹ ላይ ይኸው ቁጥር ሌላም ቦታ ተደግሟል። ከሲሊንደሩ ኋላ፣ ከአፈሙዙ ሥር እና ከቀኙ የእጀታ እንጨት ውስጥ ይፈልጉት። ሁሉም ከተመሳሰለ እነዚህ ክፍሎች ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው ማለት ነው። የአፈሙዙ ቁጥር ከሌላው ከተለየ አንድ ሰው በመሀል ቀይሮታል። ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል።

3. ከቁጥሩ በፊት ያለውን ፊደል ይዩ

ፊደል ከሌለው በአብዛኛው ከጦርነቱ በፊት ነው። «ኤስ» ካለው ከጦርነቱ በኋላ፣ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ነው። «ኤን» ከዚያ እስከ 1980ዎቹ መግቢያ ይሄዳል። ሦስት ፊደል ካዩ ከዚያ ወዲህ ነው።

ፊደል የሌላቸው ጋ አንድ ጥንቃቄ አለ። ካሊበር (የጥይት ውፍረት በኢንች) .44ቱ፣ ለእንግሊዞች የተሠራው .455ቱ እና የአሜሪካ ጦር የታጠቀው የ1917ቱ ባለ .45 እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቁጥር ተራ ነበራቸው። ስለዚህ «ቁጥሩ 5 ሺህ ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። የየትኛው 5 ሺህ?

4. ብሎኖቹን ይቁጠሩ

የእኔ ተወዳጅ ዘዴ ይህ ነው፣ መጽሐፍም ኢንተርኔትም አይፈልግም። በቀኝ በኩል ያለው የጎን ክዳን በድሮዎቹ ላይ በአራት ብሎን ይታሰራል፤ አንዱ በእጀታው እንጨት ሥር ሊደበቅ ይችላል። አምስተኛው ከቃታው መከለያ ፊት ለፊት አለ። ሰብሳቢዎች «ባለ አምስት ብሎን» ሲሉ ይህንን ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከላይ ያለው ብሎን ቀረ፣ አራት ሆነ። በ1960ዎቹ መግቢያ ደግሞ የቃታ መከለያው ብሎን ቀረና ሦስት ሆነ።

ብሎኖቹን ለመፍታት ግን አይቸኩሉ። የወጥ ቤት ካቻቪቴ የብሎኑን ጭንቅላት አንዴ ከቧጨረው ቧጨረው ነው።

5. የሞዴል ቁጥር አለው?

ኩባንያው ለሞዴሎቹ ቁጥር መስጠት የጀመረው በ1957 ነው። ሲሊንደሩን ሲከፍቱ ያ መገጣጠሚያ ላይ «ሞድ» ከሚል ምልክት ጋር ይታያል። 27 የ.357 ማግነም፣ 29 የ.44 ማግነም፣ 57 ደግሞ በ1964 የመጣው የ.41 ማግነም ነው። ከሰረዝ በኋላ ያለው ቁጥር ፋብሪካው ያደረገውን የአሠራር ለውጥ ይናገራል። ለምሳሌ 29 ሰረዝ 2 ከሆነ የቃታ መከለያው ብሎን ከቀረ በኋላ የተሠራ ነው። 29 ሰረዝ 3 ከሆነ ደግሞ ከ1982 ወዲህ ነው፤ አፈሙዙን በፍሬሙ ላይ የምትይዘው ትንሿ ፒን የለችውም። ሰብሳቢዎች ስለዚያች ፒን ሲያወሩ ስለ ሟች ወዳጅ የሚያወሩ ይመስልዎታል።

የሞዴል ቁጥር ከሌለው ከ1957 በፊት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

6. የታወቁትን በመልካቸው ይለዩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጣዕሙ ያለው እዚህ ነው።

የዘሩ አባት በ1908 ገበያ ላይ የወጣው የ.44 ሽጉጥ ነው። ሰብሳቢዎች «ትሪፕል ሎክ» ይሉታል፣ ሲሊንደሩ በሦስት ቦታ ስለሚቆለፍ። አንዱ ከኋላ ነው፣ ሁለተኛው ከፊት ከቀለህ ማስወጫው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ሦስተኛው ክንዱ ከፍሬሙ ጋር በሚገጥምበት ቦታ የተሠራ ትንሽ መቆለፊያ ብረት ነው። ስትዘጋው የምታሰማት ድምፅ የካዝና በር ነው የምትመስለው። ከአፈሙዙ ሥር ደግሞ ዘንጉን የሚሸፍን ከለላ አለው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ እንግሊዞች ገዙት፤ ግን የምሽግ ጭቃ በከለላው ውስጥ እንዳይጠቀጠቅ ሰጉ። ፋብሪካው ከለላውንም ሦስተኛውን ቁልፍም አስቀረ። ይኸው በ1915 ሁለተኛው ሞዴል ተወለደ። ከ15 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ትሪፕል ሎኮች ብቻ ናቸው የተሠሩት። ከለላው ግን ተናፋቂ ሆነና በ1926 ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ያለ ዎልፍ ኤንድ ክላር የተባለ ነጋዴ ባዘዘው መሠረት ተመለሰ። ሦስተኛው ቁልፍ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ከለላ ስላየ ብቻ «ትሪፕል ሎክ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሲሊንደሩን ይክፈቱና «ሦስተኛውን ቁልፍ አሳየኝ» ይበሉት።

ሌላው የ1935ቱ .357 ማግነም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዢው የአፈሙዙን ርዝመት በሩብ ኢንች ልዩነት ያዝዝ ነበር። እያንዳንዱም የራሱ የምዝገባ ቁጥርና የምስክር ወረቀት ነበረው። የመጀመሪያው የተሰጠው ለኤፍቢአዩ አለቃ ለጄ. ኤድጋር ሁቨር ነው። የምዝገባ ቁጥሩ ክንዱ በሚገጥምበት ቦታ ላይ ተመቷል። እንዲህ ያለ ካገኙ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ዋጋ ይጠይቁ።

7. እንደገና የተነከረ (ቀለሙ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የታደሰ) መሆኑን ይመርምሩ

እኔ የወደቅሁበት ፈተና። ጠርዞቹ ስለት ሊኖራቸው ይገባል፤ ከተድቦለቦሉ ተሞርደዋል። ፊደሎቹ ጥልቅና ጥርት ያሉ መሆን አለባቸው። መምቻውንና ቃታውን ይዩ፦ ከፋብሪካ ሲወጡ ዘይት የፈሰሰበት ውኃ የመሰለ ዥንጉርጉር ቀለም አላቸው። እነሱም እንደ ፍሬሙ ጥቁር ሰማያዊ ከሆኑ አንድ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ነክሯቸዋል። ከተከታታይ ቁጥሩ አጠገብ ኮከብ ካለ ደግሞ ሽጉጡ ለጥገና ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ነበር። ይህ ነውር አይደለም፣ ሻጩ ከነገረዎት።

ያረጀ መልክ ያለውን ራስዎ ለማሳመር እንዳይሞክሩ። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ያረጀ መልክ ነው።

8. ደብዳቤ ያስጽፉ

የስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ፋውንዴሽን በክፍያ የድሮ መዝገብ አይቶ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው የሚነግርዎት ሽጉጡ የተሠራበትን ሳይሆን ከፋብሪካ የተላከበትን ቀን ነው። ፍሬሞች ቁጥር ተመትቶባቸው መጋዘን ይከርሙ ስለነበር አነስ ያለ ቁጥር ያለው ከበለጠው ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል።

ስለ ሕጉ

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ «ጥንታዊ» የሚባለው በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ስለዚህ ከላይ ካነሳኋቸው አንዱም አይገባበትም። 50 ዓመት የሞላው ግን ለሰብሳቢዎች በተዘጋጀው ልዩ ፈቃድ ሥር ይገባል። የየግዛቱ ሕግ ይለያያል፣ ከመግዛትዎ በፊት የእርስዎን ይጠይቁ። «ለአጎቴ ስጦታ» ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ማሰብ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። እዚያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው።

አቀማመጥ

በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አያስቀምጡት፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። ስስ ዘይት ቀብተው በደረቅ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ያኑሩት።

የእኔ ያ የተነከረው ሽጉጥም ሣጥኑ ውስጥ አለ። እልህ ይዞኝ ደብዳቤ አስጻፍኩበት። «ከጦርነቱ በፊት» የተባለልኝ ጉድ ከፋብሪካ የወጣው በ1952 ነው። አሁን አዲስ ሰው ሊማር ሲመጣ መጀመሪያ የማስይዘው እሱን ነው፤ «እስቲ ምን እንደተሠራበት ንገረኝ» እላለሁ።